የልጄ ካርቱን አስፈራኝ፤ ችግሩ ከእኔ ነው ከእሱ?

የማርቆን እናት (ጠያቂ)

ሰላም ቤቶች። ልጄ ሦስት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። እኔም አባቷም ሥራ ስለምንውል ቀኑን ከእናቴ ጋር ነው የምታሳልፈው። ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ጥሎኝ ቤት ዋልኩና የምታየውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎኗ ተጋድሜ ከቁርስ እስከ ምሳ አየሁላችሁ። ለካ እስከዛሬ ከኩሽና ሆኜ ድምፁን ብቻ ነበር የምሰማው።

አንደኛው ላይ አራት ወፋፍራም ፍጡሮች አሉ። አናታቸው ላይ አንቴና፣ ሆዳቸው ላይ ቴሌቪዥን። አረንጓዴ ጉብታ ላይ ይሮጣሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ «ኤ-ኦ» ይላሉ፤ ሌላ የሚሉት የለም ማለት ይቻላል። ፀሐይዋ የሕፃን ፊት አላት፤ እየወጣች ትስቃለች። ሆዳቸው ላይ አንድ ፊልም ይታያል፣ ሲያልቅ «እንደገና!» ይሉና ያንኑ ፊልም ከመጀመሪያው ይደግሙታል። እኔ ትኩሳቱ መስሎኝ ነበር። እናቴ ያቺ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ታማትባለች።

ሁለተኛው የዘፈን ቻናል ነው፤ ስሙ ይቅር። ጭንቅላታቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ልጆች ያለ እረፍት ይዘፍናሉ። ምስሉ ሦስት ሰከንድ እንኳ አይረጋም። ሪሞቱን ሳነሳ ልጄ መሬት ላይ ተንከባለለች፤ እንዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

ከሁሉ የከፋው ግን አማርኛዋ ነው። ውሃ ስትጠማ «ዋተር» ነው የምትለው። ትናንት ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆመች «ግራንድማ፣ ፐርፕል! ፐርፕል!» ስትል እናቴ ኩሽና ገብታ የበርበሬ ዕቃውን ይዛላት መጣች። ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ።

እንግዲህ እንዲህ የሚያስፈራ ነገር ልጅ ይጎዳል ወይ? ጨርሼ ልዝጋው? በአማርኛስ ምን አለ?

የጎፋው

እህቴ፣ እኛ እኮ ድመት በካውያ ተተኩሶ እንደ ወረቀት ሲሳሳ እያየን ነው ያደግነው። ቶም ኤንድ ጄሪ ላይ ስንት ጊዜ ዲናማይት ፈነዳ? ማንም አላማተበም። ደህና ሰው ሆነናል፤ ቢያንስ አብዛኞቻችን።

ሥዕል ሠሪው

የአኒሜሽን ሥራ ላይ ስለሆንኩ ልመልስ። መጀመሪያ ያየሽው «ቴሌተቢስ» ነው። ቢቢሲ ላይ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። እንግዳ የሆነብሽ ለአንቺ ስላልተሠራ ነው። ከሠሪዎቹ አንዱ አንድሩ ዳቬንፖርት የንግግር ሳይንስ የተማረ ሰው ነው፤ ፍጡሮቹም አፍ እንደሚፈታ ሕፃን ነው የሚያወሩት። ያኔ እንግሊዝ ውስጥም ብዙ ወላጅ «ልጆቻችንን አኮላተፋችሁብን» ብሎ ጮኾ ነበር።

ያ ያንገሸገሸሽ ድግግሞሽም ሆን ተብሎ ነው። አዋቂ ሰው ሁለተኛ ሲያይ ይሰለቸዋል፤ የሁለት ዓመት ልጅ ግን በመጀመሪያው ያልያዘውን በሁለተኛው ይይዛል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቁም ያስደስተዋል። «ብሉስ ክሉስ» የሚባለው የአሜሪካ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀምር አንዱን ክፍል ሳይቀይር አምስት ቀን በተከታታይ ያሳይ ነበር። ልጆቹ በአምስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ቀን የበለጠ እየጮኹ ይመልሱ ነበር።

በነገራችን ላይ እነዚያ አራቱ ልብሱን የለበሱ ሰዎች ናቸው፤ በጣም ግዙፍ ናቸው። ጉብታው ላይ የሚታዩት ጥንቸሎች ከእነሱ ጎን እንዳያንሱ ከትላልቆቹ የጥንቸል ዝርያዎች ነው የተመረጡት። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ጥንቸሎቹን ብቻ ነው የማየው።

የዘፈኑ ቻናል ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ አንድ የለንደን የሕፃናት ቪዲዮ አምራች የጻፈውን አንብቤያለሁ። ሕፃኑን ቪዲዮውን እያሳዩ ከጎኑ ሌላ ስክሪን ያቆማሉ፤ እዚያ ላይ ሰው ቡና ሲቀዳ ወይም ፀጉር ሲቆረጥ ይታያል። ልጁ ዓይኑን ከቪዲዮው ነቅሎ ወደ ቡናው ካየ፣ ያቺን ቦታ ይመዘግቧታል። ምን ለማድረግ እንደሆነ አንቺው ገምቺ። የመጀመሪያው ልጅሽን ይጠብቃታል፤ ሁለተኛው አይለቃትም።

የካዛንቺስ ልጅ የነበረ

ልጆቼ፣ ስድሳን ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ ስለ እንግዳ ነገር ካነሣችሁ የእኛን ስሙ።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በሰፈራችን አንድ ቤት ብቻ ነበር ያለው። በር ያለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ከላዩ ዳንቴል ተነጥፎበት፣ ቁልፉ በእመቤቲቱ መቀነት ነው የሚውለው። የልጆች ሰዓት ሲደርስ ጫማችንን ደጅ እናወልቃለን፤ እግሩ ያልታጠበ ይመለሳል። አሥራ አምስት ሃያ ልጅ መሬት ላይ እንደ ድንች ተደርድረን እንጠብቃለን።

ከዚያ አባባ ተስፋዬ ይመጣሉ። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉ እኛ ግልብጥ ብለን ተነሥተን በአንድ ድምፅ እንመልሳለን። ለማን? ለሣጥን! አሁን ሳስበው የሚገርም ነገር ነው። አንድ እጅ ብቻ ያላቸው አባት፣ ጀርባቸው ባዶ ግድግዳ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሌንሱ ውስጥ ትክ ብለው እያዩን «ገባችሁ?» ይሉናል፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። እኛ «አዎ!» እስክንል ይጠብቃሉ። የሚሰሙን ነበር የሚመስለን። ወንድሜ ሱሪው ቀዳዳ ስለነበር በእጁ ሸፍኖ ነበር የሚቆመው፤ እንዳያዩት።

ተረታቸውም ቢሆን ለዛሬ ወላጅ አይመችም። ጅብ አህያ ይበላል፣ ተንኮለኛው ይቀጣል። ከፊሎቻችን ሌሊት ሽንት ቤት ብቻችንን አንሄድም ነበር። ግን ቀስ ብለው ነበር የሚነግሩን። አንድ ጅብ ከዛፍ ሥር ተነሥቶ ወንዝ እስኪደርስ አንድ ስኒ ቡና ትጠጫለሽ።

እኚህ ሰው ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ጊዜ ቀሚስ ለብሰው መድረክ ላይ ሴት ሆነው የተጫወቱ ናቸው። ኮሪያ የዘመቱ የቃኘው ወታደሮችን ለማዝናናትም ሄደዋል። ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነገሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ነው ያረፉት። ካረፉ በኋላ አንድ የድሮ ቅጂ ለልጅ ልጄ ከፈትኩላት። «አያቴ፣ ቪዲዮው ቆሟል እንዴ?» አለችኝ። ለካ መልሷን እየጠበቁ ነበር።

ነርሷ

የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ጋሼ፣ ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ለወላጆች ሁሉ ላነብላቸው ነው፤ ይፍቀዱልኝ።

እህቴ፣ ካርቱኑን ከመውቀስሽ በፊት እስቲ ልጠይቅሽ። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ሦስት አራት ቃል አያይዛ ትናገራለች? የምትፈልገውን ስትጠይቅ ዓይንሽን ታያለች? ከኋላዋ ሆነሽ በቀስታ ስትጠሪያት ትዞራለች? ለአንዱም መልስሽ «አይ» ከሆነ ቴሌቪዥኑን ተይውና መጀመሪያ ጆሮዋን አስመርምሪ። «አፉን የዘጋው ካርቱን ነው» ተብሎ ዓመት የተቀመጠ፣ ኋላ የመስማት ችግር የተገኘበት ልጅ አውቃለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ በቀን ቢበዛ አንድ ሰዓት ይላል፤ ካነሰ ደግሞ የተሻለ። ስለ ፍጥነቱም የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት አለ። 60 የአራት ዓመት ልጆችን በሦስት ከፈሏቸው፤ አንዱ ፈጣን ካርቱን አየ፣ አንዱ ዝግ ያለ፣ አንዱ ሥዕል ሣለ። ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ። ፈጣኑ ላይ ትዕይንቱ በአማካይ በየ11 ሰከንዱ ይለወጣል፣ ዝግ ያለው ላይ በየ34 ሰከንዱ። ወዲያው ሲፈተኑ ፈጣኑን ያዩት ትኩረትና ትዕግሥት በሚጠይቀው ሥራ ከሌሎቹ አነሱ። የለካው ግን ወዲያው ያለውን ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ተጎዱ አላለምና እንዳትደነግጪ።

የማርቆን እናት

ተባረኩ። አዎ፣ ሦስት አራት ቃል ታያይዛለች፣ ግን በእንግሊዝኛ። ዓይኔን ታያለች። ስጠራትም ትዞራለች፤ ቴሌቪዥኑ ክፍት ካልሆነ።

ከሪያድ

እኔ ሳውዲ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ስመጣ አረብኛ አንድ ቃል አላውቅም ነበር፤ የተማርኩት ከልጆቹ ጋር ካርቱን እያየሁ ነው። ታዲያ የእነሱ ካርቱን አብዛኛው የሚተረጎመው በመጽሐፍ አረብኛ ነው፤ ቤት ውስጥ ሰው በዚያ አያወራም። አንድ ቀን ማዳም እንግዶች ፊት «ሻዩ ዘገየ» ስትለኝ እኔ የካርቱኑ ንጉሥ እንደሚናገረው መለስኩላት። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። እንደ ቅኔ ዘራፊ ነው የሆንኩባቸው።

ልጅሽም እንደዚያ ናት። ቋንቋውን አግኝታለች፣ የምታወራበት ሰው ግን ቤት ውስጥ የለም። እኔ ከስክሪኑ የያዝኩት አብረውኝ ያዩ የነበሩት ልጆች እየመለሱልኝ ነው። ብቻዬን ባየው ኖሮ ዘፈኑን ብቻ ነበር የምይዘው።

የሁለት ልጆች አባት፣ ቨርጂኒያ

እኛ ጋ ችግሩ ይብሳል፤ ውጭውም እንግሊዝኛ ነው። እኔን የረዳኝ የድሮ «ሚስተር ሮጀርስ» ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2001 የነበረ የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም ነው፤ ጫማ ሲቀይር እንኳ የማይቸኩል ሰውዬ። ፕሮግራሙ ላይ ዓሦች ያበላ ነበር። አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ «ዓሦቹ ተርበው ይሆን ብዬ እጨነቃለሁ፣ ሲያበሏቸው ድምፅዎን ያሰሙኝ» ብላ ጻፈችለት። ከዚያ በኋላ ምግብ ሲበትንላቸው «ዓሦቹን እያበላሁ ነው» ማለት ጀመረ።

ለአማርኛ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ፈልጊ፤ ፀሐይ የአሻንጉሊት ቀጭኔ ናት። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ቤታቸው ውስጥ ጀምረውት በ1999 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ኢቲቪ ላይ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማት አገኘ። ሥራው በእጅ እንደተሠራ ያስታውቃል፤ እኔ የምወደውም ለዚያ ነው። ልጆቼ እጅ መታጠብ ላይ ይከራከሩኝ የነበረው በእሷ ቀረ። ይቺኛዋ ፀሐይ እናትሽንም የምታስፈራቸው አይመስለኝም።

የጎፋው

አሁን ቁም ነገር ላውራ። አውቶፕሌዩን (ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚከፍተውን) ዛሬውኑ አጥፊው። ዩቲዩብ ኪድስ ላይ ደግሞ አንቺ የፈቀድሽውን ብቻ የሚያሳይ ምርጫ አለ፤ ፍለጋውም አብሮ ይዘጋል። እኔ ግን ከዚያም አልፌ ፍላሽ ነው የምጠቀመው። አራት አምስት ቪዲዮ ጭኜ ከቴሌቪዥኑ ኋላ እሰካለሁ፣ ዋይፋዩን አጠፋለሁ። ፍላሹ አለቀ፣ በቃ አለቀ። ልጄ ሪሞቱን ስነጥቀው ነበር የሚያብደው፤ ፍላሽ ሲያልቅ ግን የሚጣላው ሰው አያገኝም። ጋሼ ጊዜ ጣቢያው ሲዘጋ ሁሉም ጫማውን ፈልጎ ወደ ቤቱ ይሄድ የለ?

የካዛንቺስ ልጅ የነበረ

የራስህን ጫማ ካገኘህ ነው።

ሥዕል ሠሪው

አንድ ልጨምር። የዘፈኑን ቻናል አንሺው፤ አራቱን ግን አትዝጊባት። እነሱ ከ«ኤ-ኦ» ሌላ ብዙም ስለማይሉ ድምፁን አጥፉትና እናትሽ በአማርኛ ይተርኩላት። ያዩትን መናገር ብቻ ነው፤ «ወጣ፣ ወደቀ፣ ኳሷን ወሰደባት»። ለዚህ የሚመች ሌላ ካርቱን አላውቅም።

የማርቆን እናት

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ አሥራ አንድ ቀን ሆነን።

የዘፈኑ ቻናል በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቤታችን ለቅሶ ቤት ነበር፤ ጎረቤት መጥቶ ጠይቆናል። በአራተኛው ቀን ፍላሹ ሲያልቅ ማርቆን ጥቁሩን ስክሪን ትንሽ አየችው፣ ከዚያ ድስት ክዳን ይዛ ሄደች። ፀሐይን (ቀጭኔዋን) ታያለች፤ ግን ገና «ጂራፍ» ነው የምትላት።

ትልቁ ነገር እናቴ ናት። መጀመሪያ «ለሰይጣን ተርጓሚ አታድርጊኝ» ብላኝ ነበር። አሁን ድምፁን ዘግተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ እሷ ፈትሏን እየፈተለች ትተርካለች። አራቱም ስም ወጥቶላቸዋል። ቢጫዋ ሽሮ ናት፣ አረንጓዴው ጎመን፣ ቀይዋ ቲማቲም። ትልቁ፣ ወይን ጠጁ፣ በርበሬ ነው፤ እናቴ «ራሷ ናት እንዲህ ብላ የጠራችው» ትላለች። ትናንት ከሥራ ስገባ ማርቆን በር ላይ ተቀብላኝ «ማሚ፣ በርበሬ ወደቀ!» አለችኝ።

ነርሷ

ፀሐይዋንስ ምን አሏት?

የማርቆን እናት

ለእሷ ስም አላወጣችላትም። አሁንም ታማትባለች። ማርቆንም አብራት ማማተብ ጀምራለች።