የኤሚሊያ ሮማኛ ምርጫ፦ አሸናፊው ቀድሞ ከታወቀ ለምን እሰለፋለሁ?

የቦሎኛዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጣሊያን ከገባሁ 13 ዓመት ሆነኝ። ዜግነቱን ያገኘሁት ዘንድሮ ነው። ኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) ሄጄ ማልኩ፣ ከዚያ የምርጫ ካርዱ፣ ቴሴራ ኤሌቶራሌ የሚሉት፣ እጄ ገባ። አሁን ኖቬምበር 17 እና 18፣ 2024 የሬጆኔ፣ ማለትም የክልላችን የኤሚሊያ ሮማኛ፣ ምርጫ አለ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ሥራዬ አዛውንት መንከባከብ ነው። የምይዛቸው ሴትዮ 91 ዓመታቸው ነው። ክልሉ ከተቋቋመበት ከ1970 ጀምሮ አንድ ወገን ብቻ ነው የመረጡት። «እዚች ላይ ምልክት አድርጊና ወደ ቤትሽ» ይሉኛል። ልጃቸው ደግሞ ይስቃል። «አትድከሚ፣ እዚህ ግራው አህያ ቢያቀርብም ያሸንፋል» ይላል።

እውነት ነው? ሬጆኔ ራሱ ምንድን ነው የሚሠራው? ወረቀቱስ ላይ ምን ይደረጋል? ስሞች ይጻፋሉ ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። የሥራ ባልደረቦቼን እንዳልጠይቅ እንዳላዋቂ ይቆጥሩኛል። እናንተ ንገሩኝ።

አሮጌው ሹፌር፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ካርዷን ደህና ቦታ አስቀምጫት። እኔ ቦሎኛ ውስጥ 31 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ዜጋ ከሆንኩ 18 ዓመቴ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ስላለሁ ለመጻፍ ጊዜ አለኝ።

ከሥራው ልጀምር። ጦር ሠራዊቱ፣ ፔርሜሶው (የመኖሪያ ፈቃዱ)፣ ዜግነቱ የሮም ነው። ሬጆኔ ማለት ግን ጤና ነው። ከበጀቱ አብዛኛው እዚያ ይገባል። ሐኪም ቤት የሚከፈተውም የሚዘጋውም፣ የልብ ምርመራ ሦስት ወር ጠብቂ ወይ ስምንት ወር ጠብቂ የሚባለውም ከዚያ ነው የሚመጣው። የሙያ ሥልጠናም የሱ ነው። የአዛውንት እንክብካቤ ሰርተፊኬት ካለሽ አውጥተሽ እዪው፣ የሬጆኔው ምልክት አለበት። የአካባቢ ባቡርም አለ። ስለዚህ ላንቺ ሥራ ከፓርላማው ይልቅ ይሄኛው ይቀርብሻል።

ወረቀቱ አያስፈራም። አንድ ወረቀት ነው። የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ስም አለ፣ ዘንድሮ አራት ናቸው። ከያንዳንዱ ስም ጎን የሚደግፉት ፓርቲዎች ምልክት አለ። (ጋዜጣው «ጎቬርናቶሬ» ይላል፣ ሕጉ ግን ፕሬዚዳንት ነው የሚለው። አሜሪካን መምሰል ስለሚወዱ ነው።) ፓርቲ ላይ ብቻ ካሰመርሽ ድምፁ ለፕሬዚዳንቱም ይቆጠራል። ፕሬዚዳንት ላይ ብቻ ካሰመርሽ ግን ለፓርቲ አይሄድም። ከፈለግሽ ፕሬዚዳንቱን ከአንዱ ወገን፣ ፓርቲውን ከሌላው መምረጥ ትችያለሽ። ቮቶ ዲስጁንቶ ይሉታል።

የምትጽፊው ስም የምክር ቤት ዕጩ ነው። ከመረጥሽው ፓርቲ ዝርዝር እስከ ሁለት ሰው፣ የአባት ስም ብቻ ይበቃል። ሁለት ከጻፍሽ አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ ይሁኑ፤ ሁለቱም አንድ ጾታ ከሆኑ ሁለተኛው ይሰረዛል። መጻፍ ግዴታ አይደለም። ግን ስሚኝ፣ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ምክር ቤቱ 50 ሰው ነው፣ ፕሬዚዳንቱን ጨምሮ። ከፓርቲው ውስጥ ማን ይገባል የሚለውን የሚወስነው በእጅ የተጻፈ ስም ነው። ፕሬዚዳንቱ ቀድሞ ቢታወቅ እንኳ እሱ አይታወቅም።

ደግሞ እንደ ከንቲባ ምርጫ አይደለም፣ እዚህ ሁለተኛ ዙር የለም። በአንድ ድምፅ የበለጠ ይገባል፣ አለቀ።

የሴትዮዋ ልጅ የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ከ1970 ወዲህ ቀኙ ይህን ክልል ይዞ አያውቅም። መጀመሪያ ኮሙኒስቶቹ፣ አሁን ፒዲ የሚባለው የመሃል ግራ ፓርቲ። ግን «አህያም ያሸንፋል» የሚለውን ብሂል እኔም አምኜ አፍሬበታለሁ። በ2014 ፕሬዚዳንቱ ለቀው፣ የምክር ቤት አባላቱ የወጪ ደረሰኝ እየተመረመረ፣ እኔ «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብዬ ቤቴ ቀረሁ። ብቻዬን አልነበርኩም። ከ100 ሰው 38 እንኳ አልመረጠም! በዚህ ክልል!

ከዚያ 2020 መጣ። በ2019 የአውሮፓ ምርጫ ሌጋ የሚባለው የቀኝ ፓርቲ እዚሁ አንደኛ ወጥቶ ነበር፣ ፌራራም የሌጋ ከንቲባ ይዛለች። የሌጋው መሪ ሳልቪኒ ቦሎኛን ሊወስድ ተነሣ። ምርጫው ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው ካሜራ አስከትሎ ፒላስትሮ ሠፈር ሄደ፣ የአንድ ቱኒዚያዊ ቤተሰብ የበር ስልክ ደወለና «እዚህ ዕፅ ይሸጣል?» ብሎ ጠየቀ። እኔ የምኖረው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነው። የኛም በር ስልክ ላይ ረጅም ስም አለ፣ ጎረቤት አሁንም አጣርቶ ማንበብ ያቅተዋል። ያን ቀን ማታ ስሜን አፍጥጬ ሳየው ነበር። እሁድ ጠዋት የምርጫ ጣቢያው ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ወደ 68 ከመቶ ሰው ወጣ። የፒዲው ቦናቺኒ 51.4፣ የሌጋዋ ቦርጎንዞኒ 43.6። ፒያቼንዛና ፌራራ ላይ እሷ በልጣለች። አህያ ቢሆን ይወድቅ ነበር።

ባለ ፔርሜሶ፦

እኔ ሬጆ ኤሚሊያ ነኝ፣ ዜግነቱ ገና ነው። በየወሩ ቡስታ ፓጋዬ (የደመወዝ ወረቀቴ) ላይ «አዲዚዮናሌ ሬጆናሌ» የምትል መስመር አለች። ለክልሉ የሚቆረጥ ግብር ናት። እሷን እከፍላለሁ፣ መምረጥ ግን አልችልም። ሮማኒያዊው ባልደረባዬም አይችልም፤ እሱ ለከንቲባና ለአውሮፓ ብቻ ነው። እህቴ፣ ሁለት ስም መጻፍ ይቻላል ከተባለ እባክሽ አንዱን ስለኛ አስበሽ ጻፊ።

ከሚላኖ፦

እኛ ጋ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ሎምባርዲያን ከ1995 ጀምሮ ቀኙ ነው የያዘው። ፕሬዚዳንቶቹ ፎርሚጎኒ፣ ማሮኒ፣ ፎንታና። በ2023 ከመቶ 42 እንኳ አልሞላም የመረጠው። ሰው «የታወቀ ነው» ሲል የሚቀረው የተቃዋሚው ደጋፊ ብቻ አይደለም፣ የአሸናፊውም ይቀራል። አሮጌው ሹፌር፣ ስለ ጎርፉ ግን ምንም አላሉም። በቲቪ ቦሎኛ ውኃ ውስጥ ሆና አየናት።

አሮጌው ሹፌር፦

አሳጠርኩት እንጂ አልረሳሁትም። ቦናቺኒ የአውሮፓ ፓርላማ ሲገባ ፕሬዚዳንትነቱን ለቀቀ፤ ፕሬዚዳንት ሲለቅ ምክር ቤቱም አብሮ ይፈርሳል፣ ሕጉ እንዲያ ነው። ምርጫው ጊዜው ሳይደርስ የመጣው ለዚህ ነው። በመሃል ጥቅምት ላይ የራቮኔ ጅረት ገንፍሎ ቦሎኛ ውስጥ ቪያ ሳፊ የሚባለውን ጎዳና አጠበው። መኪናዎች እንደ ጀልባ ተንሳፈፉ። በ2023 ግንቦት ደግሞ ሮማኛ ላይ 17 ሰው ሞቷል። አሁን ክልሉ «ሮም ገንዘቡን አዘገየች» ይላል፣ ሮም «ወንዙን ያላጸዳችሁት እናንተ ናችሁ» ትላለች። ጭቃውን በአካፋ የዛቁት ግን ወጣቶች ናቸው። እኔ በዚህ ጉዳይ ሁለቱንም አላምንም። ዕጩዎቹን ግን አንድ በአንድ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ገበያ ላይ ወረቀት ሲሰጡኝ «የትኛው ወንዝ፣ መቼ?» እላቸዋለሁ። የመለሰልኝ አንድ ነው።

እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5፣ ሰኞ እስከ ቀኑ 9 ክፍት ነው። ካርድሽንና መታወቂያሽን ያዢ።

የቦሎኛዋ፦

ተመለስኩ! ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ በቀጥታ ሄድኩ። የልጄ ትምህርት ቤት ነው የደረሰኝ፣ ግድግዳው ላይ የልጆች ሥዕል አለ። ስልኬን ተቀበሉኝ። እርሳስ ሰጡኝ፣ የማይጠፋ እርሳስ። መጋረጃው ውስጥ ገብቼ የጻፍኩትን ስም ፊደሉን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ጣሊያኖች ሁለት ቲ የት እንደሚገባ ራሳቸውም አያውቁም። ስወጣ አንዷ «ብራቫ» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፣ ግን ደስ አለኝ።

ውጤቱን አይታችሁታል። የግራው ዕጩ፣ የራቬና ከንቲባ የነበረው ዴ ፓስካሌ ወደ 57 ከመቶ፣ የቀኟ ኡጎሊኒ 40። ሌጋ ከ2020ው 32 ወደ 5 ወርዷል፣ የቀኙ ድምፅ ወደ ሜሎኒ ፓርቲ ነው የሄደው። የመረጠው ግን 46 ከመቶ ብቻ ነው። የሴትዮዋ ልጅ «አላልኩሽም?» አለኝ። መርጠሃል ወይ ስለው ዝም አለ። እናቱ በተሽከርካሪ ወንበር ሄደው መርጠዋል።

እሳቸውም ማንን እንደመረጥኩ ጠየቁኝ። አልነገርኳቸውም። ተቆጥተው እስከ እራት አላናገሩኝም።

የጻፍኳት ሴት አልገባችም። ባለ ፔርሜሶ፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ ስለናንተ አስቤ የጻፍኩት እሷን ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ካርዴ ላይ የማኅተም ቦታው 18 ነው። ሲሞላ ምን ይደረጋል?

አሮጌው ሹፌር፦

ኮሙኔ ሄደሽ ሌላ ትወስጃለሽ። እኔ ሁለተኛዬን ይዣለሁ። የ2014ቷ ባዶ ቦታ ባትኖር ኖሮ ቀደም ብዬ እወስድ ነበር።