ርካሽ የቪአር መነጽር ለመግዛት ላሰቡ፦ ከመነጽሩ በፊት ስልክዎን ይመርምሩ

ስልክ የሚገባበት ርካሽ የቪአር (በምስሉ ዓለም ውስጥ ያሉ የሚያስመስል ቴክኖሎጂ) መነጽር ለመግዛት አስበው የትኛው እንደሚሻል ለሚጠይቁ ሁሉ የምሰጠው ጥቆማ ከስልኩ ይጀምራል። በመርካቶና በመገናኛ ሱቆች እንዲሁም በቴሌግራም የሚሸጡት እንደ ቪአር ቦክስና ሻይንኮን ያሉ ዕቃዎች ሁለት ሌንስ የተገጠመላቸው የፕላስቲክ ሣጥኖች ናቸው፤ ምስሉን የሚያወጣውም ሆነ የጭንቅላትዎን እንቅስቃሴ የሚከታተለው ስልኩ ነው። ስልክዎ ጋይሮስኮፕ የሚባለው ሴንሰር ከሌለው፣ መነጽሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ጭንቅላትዎን ሲያዞሩ ምስሉ በትክክል አይከተልዎትም።

በርካሽ ስልኮች ላይ ይህ ሴንሰር ብዙ ጊዜ አይገጠምም። ለምሳሌ ሳምሰንግ ኤ05 የለውም፣ ኤ54 ግን አለው። በሳምሰንግ ስልኮች ላይ *#0*# ብለው ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የመሞከሪያ ገጽ ይከፈታል፤ ሴንሰር የሚለውን ነክተው ስልኩን ሲያዞሩ በጋይሮስኮፕ ሥር ያሉት ቁጥሮች ከተለዋወጡ ሴንሰሩ አለ ማለት ነው። በሌሎች ስልኮች ከፕሌይ ስቶር በነፃ የሚወርድ የሴንሰር መመርመሪያ መተግበሪያ ይበቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ስክሪን ነው። የኤ05 ስክሪን 720 በ1600 ፒክስል ሲሆን፣ ለሁለት ዓይን ሲከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቢበዛ 720 በ800 ነው፤ ያም በሌንስ ጎልቶ ስለሚታይ ፊልሙን በአጎበር ውስጥ የሚያዩት ይመስልዎታል። ኤ54 ለእያንዳንዱ ዓይን 1080 በ1170 ስለሚሰጥ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ ቢሆንም ነጠብጣቡ ጨርሶ አይጠፋም፣ ትንንሽ ጽሑፍ ማንበብም ያስቸግራል። ሻጮች «ኤችዲ» እያሉ የሚያሞግሱት ሌንሱን ነው፣ የምስሉን ጥራት የሚወስነው ግን ይኸው የራስዎ ስክሪን ነው።

ወደ መነጽሮቹ ስንመጣ፣ ከሁሉ ርካሹ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ያስተዋወቀው የካርቶን ዓይነት ነው። ጉግል ራሱ በ2021 መሸጥ ቢያቆምም ንድፉ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ሊሠራው ይችላል። ለትምህርት ቤት ማሳያ ይበቃል፤ በእጅ ተይዞ የሚታይ ስለሆነ ግን ፊልም ለማየት ክንድ ያደክማል።

እኔ የምመርጠው የሌንሶቹ ርቀት የሚስተካከልበትን የፕላስቲክ ሣጥን ነው። በሰዎች ዓይን መካከል ያለው ርቀት ይለያያል፣ የአዋቂ ሰው አማካይ ወደ 63 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ ሌንሱ ከዓይንዎ ጋር ካልገጠመ ምስሉ ለሁለት ይከፈላል፣ ራስም ያማል። ሲገዙ ማስተካከያውን እያንቀሳቀሱ ሁለቱ ምስሎች አንድ እስኪሆኑ ይሞክሩት፤ የማይንቀሳቀስ ወይም በራሱ የሚንሸራተት ከሆነ ይተዉት። የስልክ መያዣውንም ልብ ብለው ይመልከቱ። ብዙዎቹ መያዣዎች ስልኩን ከጎኑ ጨብጠው ስለሚይዙ የድምፅና የማጥፊያ ቁልፎቹን ይጫኗቸዋል፣ ፊልሙ መሐል ላይ ስክሪኑ ይጠፋል። በዕድሜ የቆዩት ሞዴሎች ከ4.7 እስከ 6 ኢንች ላሉ ስልኮች የተሠሩ በመሆናቸው የዛሬዎቹ 6.5 ኢንች ስልኮች፣ በተለይም ከነከቨራቸው፣ አይገቡባቸውም። የራሱ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ሣጥን ዋጋው ይወደዳል፣ ድምፁ ግን ብዙም አይደለም፤ የራስዎን ማዳመጫ ቢጠቀሙ ይሻላል።

ሳምሰንግ ለራሱ ስልኮች የሠራው ጊር ቪአር የተባለው መነጽር ያገለገለው በርካሽ ቢቀርብልዎ አይቸኩሉ። በጊዜው ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ዕቃ ነበር፣ የራሱ ሴንሰርም ነበረው፤ ነገር ግን የሚሠራው ከተወሰኑ የሳምሰንግ ስልኮች ጋር ብቻ ነው፣ ሳምሰንግም እ.ኤ.አ. በ2019 ኖት 10 ከተባለው ስልኩ ጀምሮ ድጋፉን አቋርጧል። ዴይድሪም የተባለው የጉግል የስልክ ቪአርም በዚያው ዓመት ቆሟል።

በመዝናኛ ቦታዎች በክፍያ የሚሞከረውን ቪአር አይተው ስልኩም እንደዚያ ይሆናል ብለው አይጠብቁ። ስልኩ የሚያውቀው ጭንቅላትዎ ወደየት እንደዞረ ብቻ ነው፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቢራመዱ አይከተልዎትም። ፍላጎትዎ ጌም ከሆነ እንደ ሜታ ኩዌስት ያለ ስልክ የማይፈልግ መነጽር ያስፈልግዎታል፤ ኩዌስት 3ኤስ እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ በ299.99 ዶላር ለገበያ ስለቀረበ፣ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሲጨመርበት ርካሽ ከሚባለው መደብ ይወጣል። ባለ 360 ዲግሪ (ዙሪያውን ሁሉ የሚያሳይ) ቪዲዮ ለማየትና ፊልም በሰፊ ስክሪን መልክ ለመመልከት ግን የፕላስቲኩ ሣጥን ይበቃል። እንዲህ ያለው ቪዲዮ ዳታ በእጅጉ ስለሚበላ በዋይፋይ አስቀድመው ያውርዱት። ስልኩም ቶሎ ስለሚሞቅ በየመሐሉ ያሳርፉት። ስልኩ ውስጡ እያለ መነጽሩን ሌንሱ ወደ ፀሐይ እንደዞረ መስኮት ላይ አይተዉት፤ ሌንሱ ጨረሩን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥላል።

በቴሌግራም የሚገዙ ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት በራስዎ ስልክ እንዲሞክሩት ይጠይቁ፤ ሻጩ እሽጉን አልከፍትም ካለ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።