«ይበሉ ነበር» በፈረንሳይኛ ስንት ጊዜ ይጨበጨባል? እርዱኝ

ቡናዬ፦ ሰላም ሰዎች፣ ሞንትሪያል ፍራንሲዛሲዮን (ለስደተኞች የሚሰጠውን የፈረንሳይኛ ትምህርት) ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬ ነው። ትናንት መምህሯ እያስጨበጨበች ሲላብ (የቃሉን የድምፅ ቁራጮች) ስታስቆጥረን «ይበሉ ነበር» የሚለው ቃል ላይ ጉድ ሆንኩላችሁ። ሲጻፍ (mangeaient) ኤም፣ አ፣ ኤን፣ ዤ፣ ኧ፣ አ፣ ኢ፣ ኧ፣ ኤን፣ ቴ ነው፣ 10 ፊደል! እኔ ማን-ጌ-አ-የንት ብዬ አራቴ ሳጨበጭብ ክፍሉ በሙሉ ሁለቴ አጨብጭቦ ቆሟል። የቀረው ፊደል የት ገባ? ነገ ደግሞ ዲክቴ (የቃል ጽሕፈት) አለብኝ።

ሚሚ ከሊዮን፦ አይዞሽ እህቴ ሁላችንም አልፈንበታል። ማን-ዤ ነው፣ በቃ ሁለት። መጨረሻ ያለው ኧ-ኤን-ቴ «እነሱ» መሆናቸውን ለዓይን ያሳያል እንጂ ጆሮ አይሰማውም።

ፊደል ቆጣሪ፦ እኔ ቆራርጬ ላሳይሽ። መጀመሪያ ግንዱ አለ፣ እስከ ዤ ድረስ። የመጨረሻዎቹ አምስት ፊደሎች ተደምረው አንድ ድምፅ ብቻ ናቸው፣ አፍ ከፈት ተደርጎ የሚባል ኤ። መሀል የቀረችው ኧ ዘበኛ በያት፣ ምክንያቱም ዤ የምትባለው ፊደል አ ወይ ኦ ሲከተላት ገ ሆና ነው የምትነበበው፣ ኧ ወይ ኢ ከተከተላት ግን ዠ ትሆናለች፣ ስለዚህ ኧዋ ራሷ ሳትነበብ ዠን ትጠብቃለች። «እንበላ ነበር» ኑ ማንዥዮን ሲሆን ግን ኢ ስላለች ዘበኛ አያስፈልግም፣ ኧዋ ትወጣለች፣ ዲክቴ ላይ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ደሞ ማን ስትዪ ምላስሽ ላይኛው ጥርስሽ ጋ እንዳይደርስ፣ ኤኗ ለብቻዋ አትሰማም፣ አዋን በአፍንጫ ነው የምታወጪው።

ዮኒ፦ እና ኧ-ኤን-ቴ መጨረሻ ላይ ካለ በጭራሽ አይነበብም ማለት ነዋ፣ ቀላል ነው

የድሬ ልጅ፦ ኧረ ዮኒ ቆይ፣ ግስ ላይ ብቻ! ፈረንሳዮቹ ለዚህ የሚያነሷት ዓረፍተ ነገር አለች፣ «ሌ ፑል ዱ ኩቫን ኩቭ»፣ የገዳሙ ዶሮዎች ታቅፈዋል እንደማለት። ሁለቱ የመጨረሻ ቃላት ፊደላቸው አንድ በአንድ እኩል ነው፣ ግን ገዳሙ ኩቫን፣ መታቀፉ ኩቭ። የማትነበብ ፊደል ደግሞ ለኛ አዲስ አይደለችም፣ ለገሃር ራሱ ከነሱ «ላ ጋር» ነው የመጣው፣ ሲጽፉት መጨረሻው ላይ ኧ አለች፣ እኛ በጆሮ ስለወሰድነው ለገሃሬ አላልንም ሃሃ

ቡናዬ፦ ታዲያ ይበላ ነበርና ይበሉ ነበርን በጆሮ በምን ልለያቸው?

ሚሚ ከሊዮን፦ እዚህ ቃል ላይ አትለያቸውም፣ ሁለቱም ኢል ማንዤ ናቸው፣ ልጁ ይሁን ልጆቹ ከፊትና ከኋላ ያለውን ነው የምትሰሚው። ግሱ በአናባቢ ከጀመረ ግን ተገላገልሽ፦ ይወድ ነበር ኢ-ሌ-ሜ፣ ይወዱ ነበር ኢል-ዜ-ሜ። የ«እነሱ» ኤስ ዝ ሆና ወደሚቀጥለው ሲላብ ትሻገራለች፣ ልዩነቱ እሷ ብቻ ናት።

ቡናዬ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ባሌን ሶፋ ላይ አስቀምጬ ኢል-ዜ-ሜ እያስጨበጨብኩት ነው፣ እሱም አራቴ አጨበጨበ።