ደጃዝማች የየትኛው ደጅ አዝማች ነው? (የቃላት ትርጉም ውይይት)

የሽምብጥ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። እንግዳ ልቀበል ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያችን ሄጄ ስሙን ደግሜ አነበብኩት፦ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ። ደጃዝማች «የደጅ አዝማች» ነው ይባላል። የየትኛው ደጅ? ፊታውራሪን፣ ቀኛዝማችንና ግራዝማችንም አብራችሁ ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

የግሽ ዓባይ መምህር፦ ደጁ የንጉሡ ድንኳን ደጅ ነዋ! ማዕረጎቹን እንደ ሹመት ብቻ ካየሃቸው ግራ ያጋባሉ፤ የጦር ሰፈር ካርታ አድርገህ ስታያቸው ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። ንጉሡ መሐል ነው። ፊታውራሪ ከፊት እየወረረ መንገድ ይከፍታል፤ ቀኛዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን ይይዛሉ፤ ደጃዝማች ደጁ ላይ ነው። ጦሩ ሲጓዝም ሲሰፍርም ሰዉ መቆሚያውን የሚያውቀው ከዚያ ድንኳን አንጻር ነበር። እንዲህ ያለ አሰላለፍ የሚያዋጣው ንጉሡ ራሱ ሲዘምትና አዝማቹ ጭፍራውን በዓይኑ እያየ ሲያዝ ነው። መትረየስና አውሮፕላን ከመጡ በኋላ ድንኳን ከብቦ መሰለፍ ራስን ማስፈጀት ሆነ። ማዕረጎቹ ግን አልሞቱም፤ መቆሚያቸውን አጥተው የክብር ስም ሆነው ቀሩ። በላይ ዘለቀ ጣሊያንን የተዋጋው በጎጃም ቆላና ደጋ በሽምቅ ነው። ደጃዝማች የተባለው ከነጻነት በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚጠብቀው የድንኳን ደጅ አልነበረም።

ባለ ታንኳ፦ መምህር፣ «ከተማ»ን ረሱት እኮ። ከተመ ማለት ጉዞውን አቁሞ ሰፈረ ማለት ነው፤ በዱሮው አነጋገር ከተማ የንጉሡና የሠራዊቱ ሰፈር ነበር። ለዚህ ከጣና ዳርቻ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ሠርፀ ድንግል ጉዛራ ላይ፣ ሱስንዮስ ጎርጎራና ደንቀዝ ላይ ከተሙ፤ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆረና ነገሩ ረጋ። «ሰፈር»ም ያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እነ ደጃች ውቤ ሰፈር ስማቸውን ያገኙት መኳንንቱ ከነጭፍራቸው ከሰፈሩበት ቦታ ነው። እኛ ዛሬ «የት ሰፈር ነህ?» ስንባባል የማን ጭፍራ ነህ የተባባልን ያህል ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ እኔ ደግሞ የማንም ጭፍራ አይደለሁም 😄

እህተ ዘጌ፦ እናቶቻችን ከጦሩ ቤት ይዘውልን የመጡት ቃል ይበዛል። «ጓዝ» የሠራዊቱ ዕቃ፣ አጋሰስና ተከታይ ነበር፤ ዛሬ ቤት የሚቀይር ሁሉ ጓዙን ይጠቀልላል። «ስንቅ» በሶው፣ ጭኮውና ድርቆሹ ነበር፤ አሁን ልጆች ለትምህርት ቤት ይይዙታል። ዱሮ ከተዋጊው ኋላ ሚስቱ፣ አገልጋዩ፣ ጠላ ጠማቂዋና እንጨት ለቃሚው ይከተላሉ፤ ጦር ማለት የሚሄድ መንደር ነበር። ደመወዝና የጦር ካምፕ ሲመጣ መንደሩ ከሠራዊቱ ተለየ፤ ቃላቱ ከመንደሩ ጋር ወደ ቤት ገቡ። ከሁሉ የሚገርመኝ «ጨዋ» ነው። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጨዋ የሚባሉት የንጉሡ ጭፍሮች ነበሩ። ዛሬ ሴት ልጅ ስትዳር «ከጨዋ ቤተሰብ ነው?» እንላለን።

የግሽ ዓባይ መምህር፦ እህቴ፣ ደመወዝን ካነሳሽ ቴዎድሮስ አይታለፍም። ወታደሩ ገበሬ ቤት ሰፍሮ ከሚበላ በደመወዝ ይደር ብሎ የሞከረው እሱ ነው። የአሥር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የሺህ አለቃ የሚለውንም አደረጃጀት ያመጣው እሱ ነው፤ የሺህ አለቃው ዛሬ «ሻለቃ» ነው። ልብ በሉ፣ ቀኝና ግራ፣ ፊትና ደጅ ቀርቶ ቁጥር መጣ። ማዕረጉ የሚነግርህ የት እንደምትቆም መሆኑ ቀርቶ ስንት ሰው እንደምታዝ ሆነ። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ ከመድፉም ይበልጥብኛል።

ምንሽር፦ እኔ በዚህ አልስማማም፤ መድፉንና ጠመንጃውን አታቅልልብን። የወይና ደጋን ውጊያ አስታውስ፤ ቦታው ከሐይቃችን ማዶ ነው። ግራኝ አሕመድ በ1521 ሽምብራ ቁሬ ላይ ያሸነፈውና በኋላም በኦቶማን ነፍጠኞች የተጠናከረው፣ በየካቲት 1535 ወይና ደጋ ላይ የወደቀው ፖርቱጋሎች ነፍጥ ይዘው ከገላውዴዎስ ጎን በተሰለፉበት ውጊያ ነው። «ነፍጥ» ራሱ ከዐረቡ «ነፍጥ» የመጣ ነው፤ የሚቀጣጠል ዘይት ማለት ነው። መድፍና ባሩድም ከዚያው ናቸው። (ነፍጠኛ የሚለው ቃል ዛሬ ሌላ እሳት አለበት፤ እሱን እዚህ አንጫር።) የጎንደር ነገሥታት የነፍጠኞቻቸውን አለቃ «ቱርክ ባሻ» ይሉት ነበር። መሣሪያው ሲመጣ ሹመት ፈጠረ ማለት ነው።

ከዚያ የጠመንጃው ስም ዝርዝር ይመጣል፦ ስናድር፣ ውጅግራ፣ አልቤን፣ ምንሽር፣ መትረየስ። ስናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ ውጅግራ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው፤ እኔ ስሙን የተዋስኩት ምንሽር ማንሊኸር ነው። መትረየስ ከፈረንሳይኛው ሚትራዬዝ ነው። የውጭ አገር ሰው ስም በአማርኛ አፍ ተፈጭቶ ፉከራ ውስጥ ሲገባ ባዕድነቱ ጠፋ።

እህተ ዘጌ፦ ስሙን ተወው፣ ግሱን እየው። ጠመንጃ «ጎረሰ» እንላለን። ለምን? የጥንቱን ጠመንጃ አስበው። አፈሙዙ ወደ ላይ ይቆማል፤ ባሩዱ በአፉ ይጨመራል፤ አረሩ ይከተላል፤ በዘንግ ይጠቀጠቃል። እውነትም ጉርሻ ነው! ስናድር መጥቶ ጥይት ከኋላ መግባት ጀመረ፤ እኛ ግን እስከ ክላሽ ድረስ እያጎረስን ቀጠልን። «ተኮሰ»ም እንዲሁ፤ ልብስ ይተኮሳል፣ ቁስል በጋለ ብረት ይተኮሳል። የእኔ ግምት፣ እሳት በእጅ ወደ ባሩዱ ይቀርብ ከነበረበት ጊዜ የቀረ ነው።

ምንሽር፦ እሰይ! ያቺ ከኋላ መጉረስ ናት በ1860 መቅደላ ሥር አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ የፈጀችን። ከአፍ የሚጎርሰው በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢተኮስ ነው፤ ስናድር አሥር ያህል ይተኩሳል። ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዝ ወገን የሞተው ሁለት ብቻ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል፤ ተራራ ለተራራ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ቀኑን ግን አላተረፈም።

ባለ ታንኳ፦ ከጣሊያን የቀረልን ደግሞ «ባንዳ» ነው። በጣሊያንኛ ቡድን፣ የተደራጀ ጭፍራ ማለት ነው፤ ጣሊያን ከአገሬው የመለመላቸውን ታጣቂዎች የሚጠራበት ስም ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ ስድብ ሆነ። ተገቢው ትርጉም ይኸው ነው ባይ ነኝ።

የሽምብጥ ልጅ፦ «ዘመቻ»ስ? በእምቦጭ ላይ ዘመቻ ስንወጣ መንጠቆና ማጭድ ይዘን ነው። የክትባት ዘመቻም አለ።

የግሽ ዓባይ መምህር፦ በ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪው ደብተር ይዞ ነው የዘመተው። ዘመቻ መሣሪያውን ከጣለ ቆይቷል።

እህተ ዘጌ፦ እኔን አንድ ነገር ያሳስበኛል። በዱሮው አነጋገር ሁሉ ባለቤቱ ሰው ነው፦ ጦር ሰበቀ፣ ዝናር ታጠቀ፣ ቃታ ሳበ። አሁን «ድሮን መታ» ነው የምንለው። ሰውየው የት ሄደ?

ምንሽር፦ «ጥይት መታው»ም እንላለን እኮ። ያኔስ ሰውየው የት ነበር?

እህተ ዘጌ፦ ልክ ነህ፤ ግን ጥይቱ ተኳሽ አለው፣ መድፉ መድፈኛ አለው፣ አውሮፕላኑ አብራሪ አለው። ድሮኑን ከሩቅ ተቀምጦ የሚያዘውን ሰውዬ ማን እንበለው? «ኦፕሬተር» ስትለው መብራት ኃይል የሚሠራ ይመስላል።

የሽምብጥ ልጅ፦ ድሮነኛ?

የግሽ ዓባይ መምህር፦ በአረባቡ ትክክል ነው፤ ነፍጥ ነፍጠኛን፣ መድፍ መድፈኛን ካስገኘ ድሮንም ይችላል። ግን አውሮፕላነኛ ያለ ሰው ሰምታችኋል? አብራሪ ነው ያልነው፤ ከሚሠራው ሥራ ነው የሰየምነው።

ባለ ታንኳ፦ ታዲያ ይኼኛው የሚሠራው ምንድን ነው? ያያል፣ ይመርጣል፣ ይጫናል። «ጠቋሚ» እንዳንል ተይዟል።

እህተ ዘጌ፦ «ተጫኝ» ደግሞ አይሲዙ ላይ ነው 😄 ሌላ ያለው ወዲህ ይበል።