ከ«ዘ ፕራይስ ኦፍ ሶልት» በኋላ ምን ላንብብ?

እባካችሁ፣ መጽሐፍ ጠቁሙኝ። የሌዝቢያን የፍቅር ልብወለድ ፈልጌ ያገኘሁት ሁሉ ልቤ አልገባ አለ።

ጣጣውን ያመጣብኝ የፓትሪሺያ ሃይስሚዝ «ዘ ፕራይስ ኦፍ ሶልት» ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ክሌር ሞርጋን በሚል የብዕር ስም ነው የታተመው። ቴሬዝ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ትልቅ መደብር አሻንጉሊት ትሸጣለች። ካሮል ለልጇ ስጦታ ልትገዛ ትመጣለች። ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ። ከዚያ ቴሬዝ የገና ካርድ ትልክላታለች። በቃ፣ አንዲት ካርድ! እኔ ግን ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ማስቀመጥ አቃተኝ። ሁለቱም ስሜታቸውን ሳይናገሩ ገጽ በገጽ ሲቀራረቡ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ጭንቀቱም የእውነት ነው፤ ካሮል በዚህ ፍቅር ምክንያት ልጇን ልታጣ ትችላለች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በሞት ወይም በመለያየት ነበር የሚያልቀው። ይሄኛው ተስፋ ሰጥቶ ያልቃል።

ሰው የጠቆመኝ ሌላው ሁሉ ግን ወይ ገና ሲተዋወቁ አልጋ ላይ ናቸው፣ ወይ መጨረሻ ላይ አንዷ ትሞታለች። የሳራ ዋተርስን «ፊንገርስሚዝ» አንብቤዋለሁ። ሴራው ግሩም ነው፤ እሱን ዝለሉት።

እኔ የምፈልገው ዕድሜያቸው ጠና ያሉ፣ ሥራና ኑሮ ያላቸው ሴቶች ቀስ ብለው የሚዋደዱበት ነው። በእንግሊዝኛ ቢሆንም ችግር የለም። መጨረሻው ላይ የሚያስለቅስ ከሆነ ግን አደራ፣ ቀድማችሁ ንገሩኝ።