ዳገት ላይ ጉልበት የሚያጣ የናፍጣ ሚኒባስ

ከአዲስ አበባ ደጀን የምሠራበት ዶልፊን ሚኒባስ ዳገት ላይ ጉልበት እያጣብኝ ነው። ሞተሩ ቱርቦ የሌለው፣ 3.0 ሊትር፣ 5ኤል የሚባል የናፍጣ ሞተር ነው።

ሜዳ ላይ ምንም አይልም፤ ቆሞ በዜሮ ማርሽ ነዳጅ ስሰጠውም ጥርት አድርጎ ይነሳል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ ግን፣ ሰው ጭኜ በሁለተኛ ማርሽ እስከ መጨረሻው ስረግጠው፣ ጥቂት ይጎትትና እንደታነቀ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ጥቁር ጭስ የለም፤ ሙቀቱም አይጨምርም። ዳር ይዤ ትንሽ ካቆምኩት ጉልበቱ ይመለሳል፤ ብዙ ሳይሄድ ደግሞ ያው ነው። ከኋላ ከባድ መኪና በሚከተልበት በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ይህ በጣም ያስፈራል።

የናፍጣውንና የአየሩን ፊልትሮ ቀይሬአለሁ፤ የታንኩን ክዳን አላልቼም ሞክሬአለሁ። ልክ ሲደክም አቁሜ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ስጫነው መጀመሪያ ባዶ ነው፤ የሚጠነክረው ደጋግሜ ስጫነው ነው። ለእኔ ከታንኩ የሚመጣው ናፍጣ ያነሰ ይመስለኛል። መካኒኩ ግን ፖምፓው (ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ዋናው ፓምፕ) ወርዶ ይፈታ ይላል፤ ወጪው ደግሞ ከባድ ነው።

ፖምፓው ሳይወርድ፣ ችግሩ ከታንክ እስከ ፊልትሮ ባለው መስመር ይሁን በራሱ በፖምፓው፣ በምን ላረጋግጥ?