ጥቆማ፦ የአኳሪየም ውሃዬ አልጠራ አለ፤ የቱን ፊልተር ልግዛ?

ሳሪስ ነኝ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ከገዛሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። አራት ጎልድፊሽ አሉበት። ውሃው ሩዝ የታጠበበት መስሏል። ሙሉውን ብቀይረውም በማግስቱ ይነጣል። የስፖንጅ ፊልተር ይሻላል ወይስ ከኋላ የሚንጠለጠለው? በጠርሙስ የሚሸጠው ማጥሪያስ ይሠራል? የምታምኑት ሱቅ ካለ ጠቁሙኝ።

የፒያሳ ልጅ፦ ፒያሳ ሂጂ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምገዛበት ሱቅ አለ። ሰውየው ስንት ሊትር እንደሆነ ሳይጠይቅሽ ምንም አይሸጥልሽም። ሌላ ቦታ አትድከሚ።

ቃል፦ የጠየቀችው እኮ የቱ ፊልተር እንደሚሻል ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ እሱ የሰጣትን ትውሰድ።

የልጆች እናት፦ ብቻ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያጥብ ሰው እንዳትጠሪ! እኔ የጠራሁት ልጅ ውሃውን አንጠፍጥፎ ደፋው። ጠጠሩን በፈሳሽ ሳሙና አሸ፣ ፊልተሩን ቧንቧ ሥር አጠበ። ማታ ጥርት ብሎ ነበር። ጠዋት ስንነሳ ዓሦቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈዋል። ልጆቼ ሲያለቅሱ ዋሉ። ስደውልለት «ድሮም ታመው ነበር» አይለኝም!

ሰሚት፦ ወይኔ! ብሩን መለሰልሽ?

የልጆች እናት፦ ምን ይመልሳል፣ ስልክም አያነሳ።

ሰሚት፦ ቀጭን፣ ሰማያዊ ባልዲ የሚይዝ ነው? እኛም ቤት መጥቶ ነበር።

የልጆች እናት፦ ኧረ የእኔው ወፍራም ነው።

ጎሮ፦ ውሃ አጋር ጠብ አድርጊበት። እኛ የሮቶውን ውሃ በሱ ነው የምናክመው።

ቃል፦ አዎ፣ ከዚያ ሎሚና ቃሪያ ጨምረሽ ለምሳ አቅርቢው።

ዓሣ ወዳድ፦ ቀልዱ ይቆየን። ውሃ አጋር ክሎሪን ነው፣ ዓሣ ይገድላል፤ እንዳታደርጊው።

እህቴ፣ አዲስ አኳሪየም ላይ ነጭ ድፍርስ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ ተራብቶ ነው። የዓሦቹ ኩስና የተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል ዓሣ የሚመርዝ ነገር ይሆናል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት (እሱም መርዝ ነው)፣ ከዚያ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ላይ እስኪሰፍሩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ሩቡን ብቻ ቀይሪ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪን ማጥፊያ ጨምሪበት፤ ካጣሽ በባልዲ ኤር ፓምፕ እየነፋበት ይደር። ምግቡ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ይሁን። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው እንጂ ቧንቧ ሥር አትጠቢው። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ቶሎ ቶሎ ከከፈቱ ግን አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ከውሃው ቀይሪላቸው።

በጠርሙስ ያለው ማጥሪያ ደቃቁን አጣብቆ ያዘቅጠዋል፤ አሞኒያውን አይነካውም። ብሩን ለአሞኒያ መለኪያ አውዪው። ከፊልተር እኔ ስፖንጅ እመርጣለሁ። መብራት ሲጠፋ ውሃው ውስጥ ክፍት ስለሆነ ባክቴሪያው ቶሎ አይታፈንም። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕም ይገጠምለታል። ደግሞ አራት ጎልድፊሽ ለ60 ሊትር ይበዛል፣ ሲያድጉ ይጠባቸዋል።

የፒያሳ ልጅ፦ ይህን ሁሉ የፒያሳው ሰውዬ በነጻ ይነግራት ነበር።

ሰሚት፦ የእኔስ አረንጓዴ ነው፣ እሱም ባክቴሪያ ነው?

ዓሣ ወዳድ፦ አልጌ ነው። ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ ከመስኮቱ አርቂው። መብራቱንም በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አታብሪ።

ጎሮ፦ ሳሪስ፣ ምን ወሰንሽ ታዲያ?

አያት፦ ይቅርታ፣ መርካቶ በልክ አኳሪየም የሚሠራ መስታወት ቤት የምታውቁ አላችሁ?

የፒያሳ ልጅ፦ ፒያሳውን ጠይቅ፣ እሱ ያሠራልሃል።

ዓሣ ወዳድ፦ የትም አሠራው፣ ሲሊኮኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን ራስህ አንብብ። የሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት ከሆነ እንዳትቀበላቸው፣ መርዙ ውሃው ውስጥ ይገባል።